ግንቡ ለምን አምስት ጊዜ ወጣ? ለራስ በሚደረግ የታሮት ንባብ ስንት ካርድ ይበቃል

ጥያቄ፦ «ከአንድ ወር በፊት የታሮት ካርድ ገዝቼ በየማታው ለራሴ ሴልቲክ ክሮስ የሚባለውን ባለ 10 ካርድ ዝርግ እዘረጋለሁ። ያልገባኝ ሲኖር ማብራሪያ ብዬ አራት ያህል እጨምራለሁ። በ30 ቀን ውስጥ ግንቡ የሚባለው ካርድ አምስት ጊዜ ወጣብኝ፤ እንቅልፍ ነሳኝ። አንዱ ሦስት ካርድ ይበቃል ይላል፣ ሌላው አንድ ይላል። ለራሴ ሳነብ ስንት ካርድ ላውጣ?»

ምላሽ፦

ከግንቡ እንጀምር፤ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ስለሆነ። ታሮት ሥዕል ያለባቸው የንባብ ካርዶች ጥቅል ነው፤ 78 ካርድ አለው። 10 ዘርግተው አራት ማብራሪያ ሲጨምሩ በአንድ ማታ 14 ካርድ ገለጡ ማለት ነው፤ በ30 ማታ ደግሞ 420። ይህን ለ78 ቢያካፍሉት 5.4 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ በጥቅሉ ውስጥ ያለ ማንኛውም ካርድ በወሩ ውስጥ አምስት ጊዜ ያህል ብቅ እንዲል የሚጠበቅ ነበር። ግንቡ የወጣው በድርሻው ልክ ነው። ፀሐይና ኮከብ የተባሉት ካርዶችም በዚያው ወር ደጋግመው መጥተው ይሆናል፤ ግን መብረቅ የመታው ሕንፃና ቁልቁል የሚወድቁ ሁለት ሰዎች ያሉበት ሥዕል ስለሚያስደነግጥ የቆጠሩት እሱን ብቻ ነው። ያስፈራዎት የገለጡት ካርድ ብዛት ነው፤ እሱን ደግሞ ማስተካከል ይቻላል።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ቁጥሩን የሚያገኙበት መንገድ ግን አለ። ካርዱን ከመበወዝዎ በፊት ደብተር ይክፈቱና ማወቅ የሚፈልጉትን ነገር አንድ በአንድ፣ በየመስመሩ ይጻፉ። አንድ መስመር አንድ ቦታ ነው፤ አንድ ቦታ አንድ ካርድ ይወስዳል። «ይህን ሥራ ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» ብሎ የተነሣ ሰው ሲጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መስመር ይወጣዋል፦ አሁን ይዞ ያስቀረኝ ምንድን ነው፣ ሳላየው የቀረ ነገር ምንድን ነው፣ በዚህ ሳምንት ላደርገው የምችለው ምንድን ነው። እንግዲያው ሦስት ካርድ ነው የሚያወጣው። አራተኛ መስመር ለመጻፍ እየታገሉ ከሆነ አራተኛ ካርድ አያስፈልግዎትም። ስም ያልወጣለት ቦታ ላይ የተቀመጠ ካርድ ምን እንደሚመልስ አይታወቅም፤ ስለዚህ የፈለጉትን ሁሉ ያናግሩታል።

ለሌላ ሰው ሲነበብ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው «አይ፣ እንደዚያ አይደለም» ብሎ ያርማል። ለራስዎ ሲያነቡ የሚያርምዎት የለም። 10 ካርድ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ደግሞ የሚመኙትን የሚመስል አንድ፣ የሚፈሩትን የሚመስል አንድ አይጠፋም። ዓይን ወደ ሁለቱ ይሮጥና ስምንቱ ሳይነበቡ ይቀራሉ። ስለዚህ ለራስ ሲሆን ከአንድ እስከ አምስት ካርድ፣ ከዚያም ውስጥ በአብዛኛው ሦስት እንዲሆን እመክራለሁ። አሥሩ ለብቻው ጊዜ አለው፤ እመለስበታለሁ።

አንድ ካርድ ትንሽ ይመስላል፤ በቅጡ ሲያዩት ግን ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ በታተመውና አርተር ኤድዋርድ ዌይት አስቦ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ በሣለችው ጥቅል ውስጥ ያለውን የዋንጫ አምስት የሚባል ካርድ ይውሰዱ። ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ከፊቱ ሦስት ዋንጫ ተደፍቶ ፈሷል። በአሥር ሰከንድ ያየው ሰው «ኪሳራ፣ ሐዘን» ብሎ ያልፋል። አምስት ደቂቃ የቆየ ሰው ግን ከሰውየው ጀርባ ሳይደፉ የቆሙ ሁለት ዋንጫዎች ያያል፤ ከወንዙ ማዶ ቤት፣ ወደዚያ የሚያሻግር ድልድይ ያያል። ሰውየው ወደ ድልድዩ ዞሮ እንዳላየም ያስተውላል። በአንድ ካርድ ላይ «ምን ፈሰሰብኝ፣ ምን ተረፈኝ፣ መሻገሪያው የት ነው» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ተቀምጠዋል። አሥር ካርድ በችኮላ የሚዘረጋ ሰው ሁለቱን የቆሙ ዋንጫዎች ሳያያቸው ወደሚቀጥለው ያልፋል።

አንድ ካርድ የማይችለው አዎ ወይም አይ ማለት ነው። ካርዶቹ ለዚያ አልተሠሩም። «ይደውልልኝ ይሆን?» ብለው የዋንጫ አምስትን ቢያወጡ መልሱ እርስዎ በዚያ ሰዓት ባሉበት ስሜት ይወሰናል። ጥያቄውን «ስለዚህ ስልክ ሳስብ ምኑን ነው የማላየው?» ወደሚል ቢቀይሩት ያው ካርድ ሥራ ያገኛል።

ጠዋት ጠዋት አንድ ካርድ አውጥቶ ማታ መልሶ ማየት ጥሩ ልምምድ ነው። እዚህም ላይ ሒሳቡን ይወቁት። ካርዱን በየቀኑ ወደ ጥቅሉ መልሰው በደንብ ከበወዙ፣ በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ካርድ የመደገም ዕድሉ 24 በመቶ ገደማ ነው። በ11 ቀን ደግሞ ከ50 በመቶ ያልፋል። የተደገመ ካርድ «እየተከተለኝ ነው» የሚያሰኝ አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ሲወጣ የጻፉትን አሁን ከሚያዩት ጋር ማነጻጸር ይችላሉ።

አሁን ወደ ሦስቱ፤ ለራስ ንባብ ዋናው መሣሪያ ይህ ነው። ሦስት ካርድ በቅደም ተከተል ከ78 ሲወጣ 456,456 የተለያየ አወጣጥ አለው፤ ስለዚህ «ሦስት ያንሰኛል» የሚለው ስጋት ከቁጥር አይመጣም። ብዙ ሰው የሚጀምረው ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ በሚለው አዘረጋግ ነው። ለራስ ሲሆን ደካማው እሱ ነው። ትናንትን ያውቁታል፤ ያ ካርድ አዲስ ነገር አይነግርዎትም። የነገው ካርድ ደግሞ ወዲያው ትንቢት ይሆንና መጥፎ ሥዕል ሲመጣ ንባቡ ሁሉ ወደ ፍርሃት ይዞራል። ካርዶቹ ነገ የሚሆነውን እንደሚያውቁ የሚያሳይ ማረጋገጫ የለም። እነዚህ ካርዶች በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ መጫወቻ ሆነው ነው የተጀመሩት፤ ለንባብ በሰፊው የዋሉት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይ ነው። ጠቀሜታቸው ያላሰቡበትን ጎን በሥዕል ፊትዎ ማስቀመጣቸው ነው። ከላይ የጻፍኳቸው ሦስት ቦታዎች፣ ማለትም ይዞ ያስቀረኝ፣ ያላየሁት፣ የዚህ ሳምንት እርምጃ፣ ለዚህ የተሻሉ ናቸው።

በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። ጥያቄው ሥራ መልቀቅ ነው እንበል። በመጀመሪያው ቦታ የሰይፍ ሁለት፣ በሁለተኛው የሳንቲም ስምንት፣ በሦስተኛው የሰይፍ ስድስት ወጡ። የሰይፍ ሁለት ላይ ዓይኗ የታሰረ ሴት ሁለት ሰይፍ ደረቷ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል፤ የዓይኗን ጨርቅ ለመፍታት አንዱን ሰይፍ ማስቀመጥ አለባት። ይዞ ያስቀረው የመረጃ ማነስ ላይሆን ይችላል፤ ሁለቱንም አማራጭ አጥብቆ መያዝ ነው። የሳንቲም ስምንት ላይ አንድ የእጅ ባለሙያ ሳንቲም በሳንቲም እየቀረጸ ነው፤ ከተማው ርቆ ከኋላ ይታያል። ያልታየው ነገር ይህ ነው፦ እስካሁን የተማሩት ሙያ የእጅዎ ነው፤ ቢሄዱ አብሮዎት ይሄዳል። የሰይፍ ስድስት ላይ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ሴትና ልጅን ያሻግራል፤ ስድስቱ ሰይፎች ጀልባው ውስጥ ተተክለዋል፤ ችግሩም አብሮ ይሻገራል። ግን ቀዛፊ አለ። የሳምንቱ እርምጃ ይህን መንገድ ቀድሞ የተሻገረ አንድ ሰው ፈልጎ ማነጋገር ይሆናል። ከሦስቱ ሁለቱ ሰይፍ መሆናቸውንም ልብ ይበሉ፤ ከአራቱ የካርድ ዘሮች (ሰይፍ፣ ዋንጫ፣ በትር፣ ሳንቲም) ሰይፍ የሐሳብና የንግግር ነው፣ ጉዳዩ ያለው ጭንቅላት ውስጥ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ «ጀልባው አልገባኝም» ብለው አራተኛ ካርድ ቢያወጡ የሚሆነው አንድ ነው፦ ማነጋገር የነበረብዎትን ሰው ይረሱና አዲሱን ሥዕል ሲፈቱ ያመሻሉ።

ስለ ማብራሪያ ካርድ ጠንከር ብዬ የምናገረው ለዚህ ነው። ያልገባን ካርድ በሌላ ካርድ ማብራራት ካርዱ ያነሣውን ጥያቄ መሸሻ መንገድ ነው። ሁለተኛውም ሳይገባ ሲቀር ሦስተኛ ይከተላል፤ ለአንድ ቦታ ሦስት መልስ ይከመርና የሚጥምዎትን ይመርጣሉ። ከዚያ በፊት ሦስት ነገር ያድርጉ። ሥዕሉን ትርጉሙን ትተው የሚያዩትን ብቻ በሦስት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፦ ማን አለ፣ እጁ ምን ይሠራል፣ ፊቱ ወዴት ነው። ቀጥሎ ጎኑ ካለው ካርድ ጋር ያያይዙት፤ ሰዎቹ ይተያያሉ ወይስ ጀርባ ሰጥተዋል? ካልሆነ ደብተሩን ዘግተው ያድሩበት። በማግሥቱም ካልተፈታ አንድ ካርድ፣ አንድ ብቻ፣ ጥያቄውን አስቀድመው ጽፈው ያውጡ። «ይህ ቀዛፊ ምን ዓይነት እርዳታ ነው?» የሚል ጥያቄ ቦታ አለው። «ይብራራልኝ» የሚል የለውም።

ሁለት ካርድ ለምርጫ ጥያቄ ያለ ይመስላል፤ አንዱ ለዚህ መንገድ፣ ሌላው ለዚያ። ችግሩ ወዲያው ውድድር ይሆናል፤ ያማረው ሥዕል ያሸንፋል። ለምርጫ አምስት ካርድ ይሻላል። አንዱን መሐል ያስቀምጡ፤ የጉዳዩ እምብርት ነው። በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት ያድርጉ፤ በየመንገዱ አንዱ «ምን ይሰጠኛል»፣ አንዱ «ምን ይጠይቀኛል» ነው። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ መንገድ ዋጋውን ይዞ ይቀርባል። አራትና ሰባት ካርድ ያላቸው ብዙ አዘረጋጎች አሉ፤ ቦታዎቹ በእርስዎ ጥያቄ ልክ እስከተሰየሙ ድረስ ችግር የለም።

አሥሩ ካርድ። ሴልቲክ ክሮስን በሰፊው ያስተዋወቀው ዌይት ነው፤ ከ1909ኙ ጥቅል በኋላ ባሳተመው መመሪያ ውስጥ አስቀመጠው። በእሱ አሠራር ጠያቂውን የሚወክል ካርድ አስቀድሞ ተመርጦ ከሥር ይቀመጣል፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ 11 ካርድ ነው ያለው። የመጀመሪያው ጠያቂውን ይሸፍነዋል፣ ሁለተኛው ይጋረጥበታል፤ ከዚያ ከላይና ከታች፣ ከኋላና ከፊት፤ በስተቀኝ ደግሞ ከታች ወደ ላይ አራት፦ ራስዎ፣ ቤትዎና በዙሪያዎ ያሉ ሰዎች፣ ተስፋዎና ስጋትዎ፣ መጨረሻው። ለራስ ሲነበብ የሚበላሸው ስምንተኛውና ዘጠነኛው ላይ ነው። በስምንተኛው ስለ እርስዎ ሌላው ሰው የሚያስበውን እርስዎ ይመልሳሉ። በዘጠነኛው ተስፋና ስጋት አንድ ቦታ ላይ ስለሆኑ አንድ ሥዕል በሁለቱም በኩል ይነበባል። ሲዘረጉት እንደ አሥር ነጠላ ካርድ ማንበቡን ይተዉና አምስት ጥንድ አድርገው ያንብቡት፦ አንድ ከሁለት፣ ሦስት ከአራት፣ አምስት ከስድስት፣ ሰባት ከስምንት፣ ዘጠኝ ከአሥር። የሰውን ዓይን የሚሰበስበው ጥንዱ ነው።

ስለ ቦታም ላንሳ። የመደበኛው ካርድ መጠን 7 በ12 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በቀኝ በኩል አራት ካርድ ሽቅብ ሲደረደር ብቻውን ከ48 ሳንቲሜትር በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ወደ 55 በ45 ሳንቲሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። አልጋ ላይ ወይም ጠባብ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ አሥር ካርድ እርስ በርሱ ተደራርቦ ሥዕሎቹ ይሸፈናሉ፤ የግማሽ ሥዕል ንባብ ይሆናል።

አሥር ሲያወጡ የ22ቱን ትልልቅ ካርዶች፣ ማለትም እንደ ግንቡ፣ ፀሐይና ሞት የራሳቸው ስም ያላቸውን፣ ቁጥርም በሒሳቡ ይዩት። በአማካይ 2.8 ያህል ይወጣሉ። ስለዚህ በአሥር ውስጥ ሦስት ትልልቅ ካርድ ማየት ተራ ነገር ነው፤ «ትልቅ ነገር ሊመጣ ነው» የሚያሰኝ አይደለም። ጭራሽ አለመውጣታቸው ነው ያልተለመደው፤ ዕድሉ 3 በመቶ አይሞላም። በሦስት ካርድ ንባብ ግን ሦስቱም ትልልቅ የሚሆኑበት ዕድል 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ያ ሲሆን ቆም ብሎ ማየት ተገቢ ነው።

አንዳንዱ ሰው 56ቱን ትናንሾች ለይቶ አስቀምጦ በ22ቱ ብቻ ያነባል። ለመማር ጥሩ ነው፣ ለዕለት ጥያቄ ግን ድምፁ ይበዛል። ከ22 ሦስት ሲወጣ ግንቡ የመምጣት ዕድሉ 13.6 በመቶ ነው፤ ከ78 ቢሆን ግን 3.8 በመቶ ብቻ ነው። «ለእናቴ ዛሬ ልደውል?» ለሚል ጥያቄ ሞትና ፍርድ ሲመጡ ጥያቄውም መልሱም ይዛባሉ። በተቃራኒው የማርሴይ ዓይነት የሚባለውን የቆየ ጥቅል የያዘ ሰው ከአንድ እስከ አሥር ባሉት ትናንሽ ካርዶች ላይ ታሪክ ያለው ሥዕል አያገኝም፤ ሰይፍ፣ ዋንጫ፣ በትርና ሳንቲም ተደርድረው ነው ያሉት። እዚያ አንድ ካርድ ብቻውን ስለሚሳሳ ሦስት በአንድ መስመር ማንበብ ይቀላል፤ መሐለኛው ዋና፣ ግራና ቀኙ የሚያጸኑት ወይም የሚያላሉት ይሆናሉ።

ተገልብጦ የወጣ ካርድን ለብቻው መፍታት አሁን ይተዉት። 78ቱን ትርጉም ወደ 156 ያሳድገዋል፤ ገና በወሩ ይህ ይበዛል። ተገልብጦ ሲመጣ ቀና አድርገው ያንብቡት። ሦስት ካርድ ያለ መጽሐፍ ማንበብ ሲችሉ ይጨምሩታል።

አበዋወዙም ከብዛቱ ጋር ይያያዛል። ጥቅሉን ለሁለት ከፍሎ ጫፍ ለጫፍ በማጠላለፍ የሚበወዝ ከሆነ፣ ለ52 ካርድ ሰባት ጊዜ በቂ እንደሆነ የሒሳብ ሊቃውንት አሳይተዋል፤ ለ78 አንድ ሁለት ጊዜ ይጨምሩ። በእጅ እያነሡ ብቻ መደራረብ ከዚያ በጣም ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ትናንት ማታ የዘረጓቸውን 14 ካርዶች ሰብስበው ከላይ አድርገው ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ከበወዙ፣ ዛሬ እነዚያው ተያይዘው ቢወጡ አይግረምዎት። ይህ «ካርዶቹ ደግመው ነገሩኝ» የሚባለው ነገር አንዱ ምንጭ ነው። ቀላሉ መፍትሔ ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ በግንባራቸው ዘርግቶ በሁለት እጅ ለአንድ ደቂቃ ማተራመስ ነው።

የዓመት ዝርግ የሚወዱ ከሆነ በእኛ አቆጣጠር 13 ካርድ ይሆናል፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ 12፣ አንድ ለጳጉሜን። ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ስለሆነች ካርዷን እንደ ወር አያንብቡት፤ ዓመቱን የሚያሳርፍ ካርድ ያድርጉት። 13ቱንም በአንድ ቀን መፍታት አይሞክሩ። ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡና በየወሩ መግቢያ የዚያን ወር ካርድ ብቻ ይፍቱ።

ለእርስዎ ደግሞ ይህን አስቤያለሁ። ለሰባት ቀን ጥቅሉን ያስቀምጡት፤ ማታ ካርድ አይዘርጉ፣ በተለይ ከመኝታ በፊት። እንቅልፉ ካልተመለሰ ጉዳዩ የካርድ አይደለም፤ የሚያምኑትን ሰው ወይም ሐኪም ያነጋግሩ። ቀጥሎ ለሁለት ሳምንት ጠዋት አንድ ካርድ፣ አሥር ደቂቃ፣ ደብተር ላይ አራት መስመር። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ካርድ፣ ግማሽ ሰዓት። ያንኑ ጥያቄ መልሰው የሚጠይቁት በጉዳዩ ላይ አንድ ነገር ሲለወጥ ነው፤ ስልክ ሲደወል፣ ደብዳቤ ሲመጣ፣ የወሰኑትን እርምጃ ሲወስዱ። አሥሩን ካርድ በሦስት ወር አንዴ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲኖርዎት ይዘርጉት።

ጠዋት አንድ ካርድ ብቻ በሚያወጡበት ጊዜ ግንቡ በአማካይ የሚመጣው በ78 ቀን አንዴ ነው። ሲመጣ ከመብረቁ ወደ ታች ይውረዱና ሕንፃው ምን ላይ እንደቆመ ይዩ፤ ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ቋጥኝ ላይ ነው። ከዚያ ደብተሩ ላይ «በዚህ ሳምንት መሠረቱን ሳላይ የገነባሁት ነገር ምንድን ነው?» ብለው ይጻፉና አራቱን መስመር ይሙሉ።